1:160 ማለት ታይፎይድ አለብህ ማለት አይደለም

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ አዳማ ላይ የትኩሳት ወቅት ይገባል። ከመናኸሪያ አካባቢ እስከ ፍራንኮ ባሉ ክሊኒኮች ወረፋው ይረዝማል፤ ከወንጂ የሸንኮራ ማሳዎች፣ ከቆቃና ከአዋሽ ዳር የሚመጣው ሰውም ይጨመርበታል። ታካሚው ራሱን ያመዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፣ ምግብ አስጠልቶታል። ዊዳልና ዊል ፊሊክስ ለሚባሉት የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራዎች ደም ይሰጣል፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፣ ወረቀቱ ላይ 1:160 የመሰለ ቁጥር ይሰፍራል፣ ከዚያም «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተብሎ መርፌ ይታዘዝለታል። ከወራት በኋላ ትኩሳቱ ሲመለስ ያው ምርመራ ይደገማል፣ ያው ውጤት ይመጣል። ሰዉም «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ማለትን ለምዶታል።

መርማሪው አልዋሸም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ግን ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ ሆኖ ነው። ሐኪሙ የጠየቀው «ባክቴሪያው አሁን በዚህ ሰው ውስጥ አለ ወይ?» ብሎ ነው። ምርመራው የመለሰው ደግሞ «የዚህ ሰው ሰውነት ይህን ባክቴሪያ፣ ወይም እሱን የሚመስል ነገር፣ መቼም ይሁን መቼ አይቶ ያውቃል ወይ?» ለሚለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚታየው ፀረ እንግዳ አካል፣ ላብራቶሪዎቹ አንቲቦዲ የሚሉት ነገር፣ እንዴት እንደተሠራና ምን ያህል እንደሚቆይ ሲታወቅ ነው።

ሁለት ክንድና አንድ ግንድ

አንቲቦዲ ፕሮቲን ነው። በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው አይጂጂ የተባለው ዓይነት ከአራት ሰንሰለቶች የተገጠመ ነው፦ ሁለት ረጃጅምና ከባድ፣ ሁለት አጫጭርና ቀላል። ከባዶቹ እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ፣ ቀላሎቹ 25 ሺህ ዳልተን ገደማ ይመዝናሉ፤ ሲደመሩ 150 ሺህ ዳልተን አካባቢ ይሆናሉ። ሰንሰለቶቹን የሚያያይዛቸው በድኝ አቶሞች መካከል የሚፈጠር ቁርኝት ነው። ቅርጹ የባላ እንጨት ነው፤ ከታች አንድ ግንድ፣ ከላይ ሁለት ክንድ። ክንዶቹ ከግንዱ የሚገናኙበት ቦታ የሚተጣጠፍ ስለሆነ ሁለቱ ጫፎች እንደ ዒላማቸው ርቀት ሊሰፉም ሊጠብቡም ይችላሉ።

ይህ ቅርጽ የተደረሰበት በመቆራረጥ ነው። እንግሊዛዊው ሮድኒ ፖርተር ከፓፓያ በሚገኝ ፓፔይን በተባለ ኢንዛይም አንቲቦዲን ሲቆርጠው ሦስት ቁራጭ አገኘ፤ ሁለቱ አንቲጅንን፣ ማለትም የአንቲቦዲውን ዒላማ፣ የሚይዙ፣ ሦስተኛው ምንም የማይዝ። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1959 አሳተመ። አሜሪካዊው ጀራልድ ኤደልማን ደግሞ አንቲቦዲ ከሰንሰለቶች የተገጠመ መሆኑን አሳየ። ሁለቱ በ1972 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

የክንዶቹ ጫፍ ከአንቲቦዲ አንቲቦዲ ይለያያል። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ስድስት ትናንሽ እጥፋቶች፣ ሦስቱ ከከባዱ ሦስቱ ከቀላሉ ሰንሰለት፣ ተሰባስበው የመያዣውን ገጽ ይሠራሉ። ይህ ገጽ የሚይዘው ሙሉ ባክቴሪያ አይደለም፤ ባክቴሪያው ላይ ያለች፣ ጥቂት አሚኖ አሲድ ወይም ጥቂት የስኳር ሞለኪውል የምታህል ቁራጭ ብቻ ናት። ስለዚህ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ተሕዋስያን ያችኑ የመሰለች ቁራጭ ላያቸው ላይ ካለች አንድ አንቲቦዲ ሁለቱንም ይይዛል። የዊዳል ጣጣ ግማሹ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ግንዱ ግን እንደ ክንዱ ጫፍ አይለዋወጥም። ክንዱ ከያዘ በኋላ ለቀሪው የሰውነት መከላከያ «ይኸውላችሁ» የሚለው ግንዱ ነው። ባክቴሪያ ዋጭ ነጭ የደም ሴሎች ግንዱን የሚጨብጥ መቀበያ አላቸው፤ በዚያ ስበው ይውጡታል። ኮምፕሊመንት የተባሉት የደም ፕሮቲኖችም ግንዱ ላይ አርፈው የባክቴሪያውን ሽፋን እስከ መብሳት የሚደርስ ሰንሰለታዊ ሥራ ይጀምራሉ። ክንዱ ብቻውን የሚሠራውም አለ፦ የቫይረስን ወይም የመርዝን መያዣ አስቀድሞ ሸፍኖ ከሴላችን ጋር እንዳይጣበቅ ማድረግ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የሚያድነው በዚህ መንገድ ነው፤ ባክቴሪያውን ሳይሆን መርዙን ያመክናል።

እንደ ግንዱ ዓይነት አንቲቦዲ አምስት ክፍል አለው። ለላብራቶሪ ወረቀት ዋናዎቹ ሁለቱ ናቸው። አይጂኤም አምስቱ በግንዳቸው ተያይዘው የተሠሩበት ነው፤ 10 ክንድ አለው፣ ክብደቱም ከ900 ሺህ ዳልተን ይበልጣል። ለአዲስ ወራሪ መጀመሪያ የሚመረተው እሱ ነው፤ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ይታያል። እያንዳንዱ ክንድ አጥብቆ ባይዝም ብዛቱ ያካክሳል፤ ባክቴሪያዎችን እርስ በርስ አያይዞ በማጓጎል የሚተካከለው የለም። አይጂጂ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል፤ አጥብቆ ይይዛል፣ በደም ውስጥ ካለው አንቲቦዲ ከ75 እስከ 80 በመቶው እሱ ነው። አይጂኤ በእንባ፣ በምራቅ፣ በአንጀትና በጡት ወተት ውስጥ ይሠራል። አይጂኢ ከትላትልና ከአለርጂ ጋር ይያያዛል። አይጂዲ በአብዛኛው አንቲቦዲ አምራች በሆኑት ቢ ሴሎች ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳያችን አይደለም።

ጠላት ከሄደ በኋላም የሚመረት

አንቲቦዲ የሚያመርቱት ቢ ሴሎች ናቸው። እያንዳንዱ ቢ ሴል በመቅኒ ውስጥ ሲያድግ የአንቲቦዲ ዘረመሉን ቁርጥራጮች በዘፈቀደ መርጦ ይገጣጥማል፤ ሁሉም የየራሱ ጫፍ ይኖረዋል። ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ይህን አረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1987 ኖቤል ተሸልሟል። ሰውነታችን ታይፎይድን ሳያየው ታይፎይድን የሚይዝ ሴል አስቀድሞ አለው ማለት ነው፤ ባክቴሪያው ሲገባ ያ ሴል ይመረጣል፣ ይባዛል፣ ጫፉንም እያሻሻለ ይሄዳል። ከዚያ ፕላዝማ ሴል ይሆናል፤ አንዱ ፕላዝማ ሴል በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ አንቲቦዲዎችን ወደ ደም ይለቃል።

አንድ የአይጂጂ ሞለኪውል በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በ3 ሳምንት ገደማ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። የአይጂኤም ደግሞ በ5 ቀን ገደማ። ነገር ግን ከፕላዝማ ሴሎቹ ጥቂቶቹ መቅኒ ውስጥ ተቀምጠው ለዓመታት ማምረታቸውን ይቀጥላሉ። ክትባት የሚጠቅመን በዚህ ምክንያት ነው። በዚሁ ምክንያት ግን ከሁለት ዓመት በፊት የዳነ ሰው ዛሬ በወባ ትኩሳት ተይዞ ቢመረመር የታይፎይድ አንቲቦዲ ሊገኝበት ይችላል። ክትባትን ጠቃሚ ያደረገው ባሕርይ ምርመራውን አሳሳች አደረገው።

ታይፎይድ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ታይፎይድን የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ሳልሞኔላ ታይፊ፣ ራሱን የሚደብቀው ሊውጡት በተላኩት ሴሎች ሆድ ውስጥ ነው። አንቲቦዲ ሴል ውስጥ አይገባም፤ እዚያ ያለውን የሚያጸዳው በዋናነት ቲ ሴሎች የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሥራ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ በሽታው መበርታቱን፣ ዝቅ ማለቱም ሕክምናው መሥራቱን አይናገርም። «መድኃኒቴን ጨርሻለሁ፣ ነፃ መሆኔን ይዩልኝ» ብሎ ዊዳል ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው።

ስላይዱ ላይ ምን ይሆናል?

ምርመራውን ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ሪኤጀንቱ፣ ማለትም መመርመሪያ ፈሳሹ፣ የሞተ ሳልሞኔላ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ የባክቴሪያውን ሽፋን የሚወክለው ኦ፣ ሌላው የመዋኛ ጭራውን የሚወክለው ኤች። በታካሚው ሴረም፣ ማለትም ከደሙ በተለየው ፈሳሽ፣ ውስጥ የሚይዛቸው አንቲቦዲ ካለ ባክቴሪያዎቹ ይጓጎላሉ፣ ስላይዱ ላይ በዓይን የሚታይ ፍርፋሪ ይሆናሉ። በታይፎይድ ሕመም የኦ አንቲቦዲ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ቀን፣ የኤች ከ10ኛው እስከ 12ኛው ቀን አካባቢ መታየት ይጀምራል። ትኩሳቱ በጀመረ በሁለተኛው ቀን የተሠራ ዊዳል ፖዘቲቭ ከሆነ ያ አንቲቦዲ ከዚህ ሕመም የመጣ ሊሆን እንደማይችል ቀን መቁጠር ብቻ ይነግረናል። አብዛኛው ሰው ደግሞ ወደ ክሊኒክ የሚሄደው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው።

በአግባቡ ሲሠራ 80፣ 40፣ 20፣ 10 እና 5 ማይክሮሊትር ሴረም በየክቡ ይደረጋል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ሪኤጀንት ይጨመራል፤ እነዚህ በቅደም ተከተል 1:20፣ 1:40፣ 1:80፣ 1:160 እና 1:320ን ይወክላሉ። ተቀላቅሎ፣ ስላይዱ እየተሽከረከረ ለ1 ደቂቃ ይጠበቅና ይነበባል። ፍርፋሪው የታየበት የመጨረሻው ክብ ውጤቱ ነው። 1:160 ማለት እንግዲህ ሴረሙ 160 ጊዜ ቀጥኖም አንቲቦዲው ባክቴሪያውን ማጓጎል ችሏል ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አልተባለም።

የሚበላሸው ብዙ ቦታ ነው። አንደኛው ጊዜ ነው፦ መርማሪው ሌላ ናሙና ሲይዝ ስላይዱ ለአምስት ደቂቃ ከተቀመጠ ጠርዙ ይደርቅና ፍርፋሪ የሚመስል ነገር ይታያል። ሪኤጀንቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ሲገባው መብራት በሄደ ቁጥር ይሞቃል፤ አንዳንዴም ፍሪጁ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ በረዶ ያደርገዋል፣ ያኔ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው በራሳቸው ይጓጎላሉ። ይህን ለመያዝ በየዕለቱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ኮንትሮል፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና፣ መሠራት አለበት፤ በወረፋ ቀን መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው። ብዙ ቦታ ማቅጠኑም ይቀራል፤ አንድ ጠብታ ሴረም ከአንድ ጠብታ ሪኤጀንት ጋር ይቀላቀልና ፍርፋሪ ከታየ «ሪአክቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። ቁጥር የሌለው «ሪአክቲቭ» ምንም ውሳኔ ሊደገፍበት የማይችል ቃል ነው።

ሥራው ሁሉ በትክክል ቢሠራም ኦ የታይፊ ብቻ አይደለም። የሽፋኑን ስኳሮች ከሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶች ጋር ይጋራል። ወባ ደግሞ ብዙ ዓይነት ቢ ሴሎችን ያለ ምርጫ ስለሚያነሳሳ ከወባው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው አንቲቦዲዎች ደም ውስጥ ይጨምራሉ። ስለዚህ የወባ ታካሚ ዊዳሉ ፖዘቲቭ ቢሆን አይገርምም። «ወባና ታይፎይድ አብረው ያዙኝ» የሚለው ወሬ አብዛኛው መነሻው ይህ ይመስላል። ሁለቱ አብረው መያዝ ይችላሉ፤ የሚነገረውን ያህል ግን አይደለም።

አዲስ አበባ በጳውሎስ ሆስፒታል ታይፎይድ የሚመስል ትኩሳት በነበራቸው 270 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ነገሩን በቁጥር ያሳያል። ዊዳል 88ቱን አመለከተ። ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ በሚያሳየው በደም ካልቸር ሳልሞኔላ ታይፊ የተገኘው በ7 ሰዎች፣ ዘመዱ ፓራታይፊ በ4 ሰዎች ብቻ ነበር። ዊዳል ካመለከታቸው 100 ሰዎች ታይፎይዱ በካልቸር የተረጋገጠው 6 በማይሞሉት ላይ ነው ማለት ነው። ካልቸር ራሱ ከ10 እውነተኛ የታይፎይድ ታካሚዎች 4 ያህሉን ሊስት ይችላል፤ ያን ቢታሰብለት እንኳ ክፍተቱ አይሞላም። በሌላ በኩል ዊዳላቸው ኔጌቲቭ ከሆነው 182 ሰዎች ታይፎይድ የተገኘባቸው 2 ብቻ ነበሩ። ምርመራው ከጠቀመ «የለም» ሲል ነው የሚጠቅመው፤ እኛ የምንጠቀምበት ግን «አለ» ለማለት ነው።

ዊዳል ለምርመራ የሚበቃ መረጃ የሚሰጥበት አንድ መንገድ አለ። ደም ዛሬ ይወሰዳል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ እንደገና ይወሰዳል፣ ሁለቱ በአንድ ላይ በአንድ ሪኤጀንት ይሠራሉ። ቁጥሩ በአራት እጥፍ ካደገ፣ ለምሳሌ ከ1:80 ወደ 1:320፣ ሰውነቱ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ለአዲስ ወራሪ እየመለሰ ነበር ማለት ይቻላል። ትኩሳት የያዘው ሰው ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቅም።

ስለ ታይፈሱ ምርመራ ደግሞ

ዊል ፊሊክስ የተባለው፣ «ታይፈስ» ብሎ የሚያወጣው ምርመራ ከዊዳልም ይብሳል። ሪኤጀንቱ የታይፈስ ተሕዋስ እንኳ አይደለም፤ ፕሮቲየስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ኤድመንድ ዊል እና አርተር ፊሊክስ የታይፈስ ታካሚዎች ሴረም ኦኤክስ 19 የተባለውን ፕሮቲየስ እንደሚያጓጉል አስተዋሉ፤ ሁለቱ ተሕዋስያን የሚመሳሰል የላይ ቁራጭ ስላላቸው ነው። ይህ የታይፈሱን ተሕዋስ፣ ሪኬትሲያን፣ በላብራቶሪ ማሳደግ ከባድ ለነበረበት ዘመን ብልሃት ነበር። ፕሮቲየስ ግን በአንጀት የሚኖር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም የሚያመጣ ተራ ባክቴሪያ ነው። ለእሱ አንቲቦዲ ያለው ሰው ሁሉ ታይፈስ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ታይፈስን የሚያመጡት ሪኬትሲያዎች ናቸው፤ ወረርሽኝ የሚያስነሳው ዓይነት በሰውነት ቅማል ይተላለፋል። መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው። ለታይፎይድ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን ሪኬትሲያ ላይ አይሠራም። «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ሴፍትሪያክሶን ብቻ ተወግቶ የዳነ ሰው እንግዲህ ታይፈሱ ከምን ዳነ? ምናልባት ታይፈሱ አልነበረም፣ ምናልባትም ሁለቱም አልነበሩም፤ ትኩሳቱ በራሱ የሚሄድ የቫይረስ ትኩሳት ሊሆን ይችላል።

ዋጋው የመርፌው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሴፍትሪያክሶንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ እንዲሰጡ ከመደባቸው መድኃኒቶች መካከል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በፓኪስታን ሲንድ ግዛት የተነሳው ታይፎይድ ሴፍትሪያክሶንንም ሲፕሮንም ጨምሮ አምስት ዓይነት መድኃኒት የማይበግረው ነበር፤ በአፍ ከሚወሰዱት የቀረው አዚትሮማይሲን ነበር። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ለመፍጠር ደግሞ ሕመም በሌለበት አንቲባዮቲክ መስጠትን የሚያህል መንገድ የለም።

ታዲያ ምን ይመርመር? አዳማ ላይ ትኩሳት ሲኖር ቅድሚያው የወባ ምርመራ ነው፤ የደም ፊልም በማይክሮስኮፕ ከታየ ቅማል የሚያመጣውን የሚያገረሽ ትኩሳትም ተሕዋሱን፣ ቦሬሊያን፣ በዓይን በማየት ይይዛል። ታይፎይድ በጣም ከተጠረጠረ፣ ማለትም ትኩሳቱ ቀን በቀን እየጨመረ ከሦስት ቀን ካለፈና ወባው ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ትክክለኛው የደም ካልቸር ነው። ካልቸር አንቲቦዲ አይፈልግም፤ ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ ያሳያል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይነግራል። በታይፎይድ በአንድ ሚሊሊትር ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ ከአዋቂ ሰው ከ8 እስከ 10 ሚሊሊትር ደም ያስፈልጋል። በ2 ሚሊሊትር የተሠራ የአዋቂ ካልቸር «አልተገኘም» ቢል አያስደንቅም። ደሙ መወሰድ ያለበት አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ቆዳውም የጠርሙሱ ክዳንም በአልኮል ተጠርጎ መድረቅ አለበት፣ አለዚያ የሚበቅለው የቆዳ ባክቴሪያ ነው። ውጤቱ ከ2 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። ታካሚው በጣም ከታመመ ሐኪሙ ደሙን አስወስዶ ሕክምናውን ይጀምርና ውጤቱ ሲመጣ ያስተካክለዋል።

አንቲቦዲው አዳኝ ሲሆን

የወባ ፈጣን ምርመራም አንቲቦዲ አለበት፤ ግን በተገላቢጦሽ ነው። ስትሪፑ ላይ አስቀድሞ የተለጠፉት አንቲቦዲዎች ናቸው፣ የሚፈለገው የወባው ፕሮቲን ነው። ከጣት የተወሰደ 5 ማይክሮሊትር ያህል ደም ከማጠቢያ ፈሳሹ ጋር ሲፈስ በወርቅ ቅንጣት የተቀለመ አንቲቦዲ የወባውን ፕሮቲን በአንድ በኩል ይይዘዋል፤ መስመሩ ላይ የተለጠፈው ሌላ አንቲቦዲ በሌላ በኩል ይቀበለዋል፣ ቀይ መስመር ይወጣል። ስለዚህ ይህ ምርመራ «አሁን አለ ወይ?» ለሚለው ከዊዳል ይልቅ በጣም ቀርቦ ይመልሳል። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ሪፖርት በተደረገበት ጊዜ አብዛኛው ገጠር የተደገፈው በዚህች ስትሪፕ ነው።

እሷም ብትሆን ገደብ አላት። ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዓይነት የምትይዘው ኤችአርፒ2 በተባለ ፕሮቲን ነው፤ ይህ ፕሮቲን ወባው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። መድኃኒት ጨርሶ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና የተመረመረ ሰው ፖዘቲቭ ቢወጣ ወባው ተመለሰ ማለት አይደለም፤ ይህን የሚለየው ማይክሮስኮፕ ነው። በተቃራኒው ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል የጣለ ፋልሲፓረም በኢትዮጵያም በኤርትራም ተገኝቷል፤ እሱ ደግሞ ስትሪፑን ያመልጣል። ከተጻፈው ደቂቃ በኋላ ማንበብ፣ የአንዱን ኪት ፈሳሽ ለሌላው መጠቀም፣ ካርቶኑን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሙቀት ማስቀመጥ የተለመዱት ስሕተቶች ናቸው።

ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው

የእንግዴ ልጅ የአይጂጂን ግንድ የሚያውቅ መቀበያ ስላለው አይጂጂን ብቻ እየመረጠ ወደ ፅንሱ ያሳልፋል፤ ግዙፉ አይጂኤም አያልፍም። ይህ ለሕፃኑ የመጀመሪያ ወራት ስንቅ ነው። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት እስከ 9 ወር የሚቆየውም የእናቱ አንቲቦዲ ክትባቱን እንዳያመክነው ነው። ይኸው ስንቅ ላብራቶሪውን ያሳስታል፦ ኤችአይቪ ካለባት እናት የተወለደ ጤነኛ ሕፃን በጣት ደም አንቲቦዲ ምርመራ ፖዘቲቭ ይወጣል፤ የሚታየው የእናቱ አንቲቦዲ ነው። ከ18 ወር በታች ያለ ልጅ በዚህ ምርመራ «አለበት» አይባልም፤ በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ደም በወረቀት ላይ ተወስዶ የቫይረሱ ዘረመል ይፈለጋል።

ሾተላይም ከዚሁ ይመጣል። እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ ፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በወሊድ ሰዓት የልጁ ደም ወደ እሷ ይገባል። የመጀመሪያው ምላሿ ዘገምተኛና አይጂኤም የሚበዛበት ስለሆነ የበኩር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። በሁለተኛው እርግዝና ግን የተዘጋጀው አይጂጂ እንግዴ ልጁን አልፎ የፅንሱን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። መከላከያው ራሱ አንቲቦዲ ነው፦ በ28ኛው ሳምንት፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ 300 ማይክሮግራም የፀረ ዲ፣ ማለትም የፀረ አርኤች አንቲቦዲ፣ መርፌ። የልጁን ሴሎች የእናትየው ቢ ሴሎች ሳያውቋቸው ያስወግዳል። መርፌው ከተሰጠ በኋላ እንዲህ ያለውን አንቲቦዲ በእናትየው ደም የሚፈልገው የኩምብስ ምርመራ ቢሠራ የተወጋው አንቲቦዲ ስለሚገኝ «ራሷ አንቲቦዲ ሠርታለች» ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ ደሙ መቀዳት ያለበት ከመርፌው በፊት ነው።

ስለ እንገርም አንድ ቃል። አንዳንድ ቦታ አሁንም ታልቦ ይደፋል፣ በምትኩ ቅቤ ይቀመሳል። እንገር አይጂኤ በብዛት ያለበት፣ የሕፃኑን አንጀት ውስጡን ከተሕዋስያን የሚጠብቅ ወተት ነው፤ መድፋቱ የሚካስ ነገር አይደለም።

ጨጓራና ጉበት

ለሥራ ወደ ውጭ ለመሄድ የሚመረመሩ ሰዎች ሄፓታይተስ ቢ ላይ ሁለት ተቀራራቢ ስሞች ያያሉ። የቫይረሱ ላይ ሽፋን አንቲጅን ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ አለ። ለዚያው አንቲጅን የተሠራ አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ሰውየው ወይ ተከትቧል ወይ ድኗል፤ መጠኑ በሊትር 10 ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የተጠበቀ ነው። አንዱ መጥፎ ዜና፣ ሌላው ጥሩ ዜና ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚለያቸው አንድ አጭር ቃል ነው።

የጨጓራ ባክቴሪያ የሚባለው ኤች ፓይሎሪም በብዙ ክሊኒክ የሚፈለገው በደም አንቲቦዲ ነው። መድኃኒቱን በትክክል ጨርሶ ባክቴሪያው የጠፋለት ሰው ከወራት አልፎ ለዓመታት ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙዎች በዚህ ምክንያት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ሁለቴና ሦስቴ ይውጣሉ። ለዚህ የሚሻለው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው፣ ባክቴሪያው አሁን መኖሩን ያሳያልና። መጥፋቱን ለማረጋገጥ ከሆነ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከተቋረጠ ደግሞ ቢያንስ 2 ሳምንት መቆየት አለበት፤ ከዚያ በፊት ከተሠራ ባክቴሪያው ተዳክሞ ቁጥሩ ስለሚያንስ ሳይጠፋ የጠፋ መስሎ ይታያል። ለሐኪሙ «የደሙን ነው የሰገራውን?» ብሎ መጠየቅና ኦሜፕራዞል መቼ እንደቆመ መንገር ይበቃል።